«የአባቴን ደብል ጋቢና ከየት ልጀምር?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪናዎን በራስዎ እጅ

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረጅም መልስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ የጻፋችሁልኝም መልሳችሁን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ትቶልናል። በፈረንጆቹ 1993 የተሠራች፣ ባለ 3ኤል የናፍጣ ሞተር ናት። ገብስ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ፣ ሽንኩርት ሊያመጣ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመላለስባት ነው ያደግነው። እሱ ካረፈ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ስር ቆማለች። ባለፈው ወር አዲስ ባትሪ ገዝተን አስነሳናት። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ከዞረ በኋላ ትነሳለች፤ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። አሥር ደቂቃ ከሠራች በኋላ ጭሱ ይጠፋል። ፍሬኑን ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ይወርዳል። በሾፌሩ እግር ስር ምንጣፉን ሳነሳ ወለሉን ዝገት በልቶት መሬት ይታያል። ጎረቤታችን ‹ሞተሩ አልቋል፣ ያገለገለ ሞተር ግዛ› ይለኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ቀለም ቀብተን እንሽጣት ይላል። እኔ ግን ቅዳሜና እሁድ ራሴ ልሠራት እፈልጋለሁ። መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የአባቴ የቁልፍ ሳጥን ግን አለ። ከየት ልጀምር?»

መልስ

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ከእጄ የማይጠፋው መኪና ይሄው ያንተው ሃይሉክስ ነበር። ስለዚህ የምነግርህ በእጄ የዳሰስኩትን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ የቤት ጉዳይ። ከወንድምህ ጋር ሳትስማማ አንድ ብር እንዳታወጣ። የወራሽነት ማስረጃችሁን ጨርሱ፤ ሊብሬው ወደ ማን ስም እንደሚዞር ወስኑ። ስድስት ወር የደከምክበትን መኪና በጭቅጭቅ ስታጣው ማየት አልፈልግም። እንዲህ የሆኑ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ለወንድምህ የምትለውም አለህ። ያገለገለ መኪና ላይ የኤክሳይዝ ታክሱ በ2012 ዓ.ም. ከፍ ካለ፣ የናፍጣና የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባም በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በደንብ የተያዘ አሮጌ ሃይሉክስ ዝም ብሎ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ቀለም ብቻ ተቀብቶ የሚሸጥ ደግሞ ዓይን ያለው ገዢ ምንጣፉን ሲያነሳ ዋጋው እዚያው ይወድቃል።

አሁን ወደ መኪናዋ። የጎረቤትህን ምክር ለጊዜው እርሳው። 3ኤል 2,779 ሲሲ ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። በቁልፍ፣ በመልቲሜትርና በትዕግሥት የሚነበብ ሞተር ነው። «አልቋል» ለማለት ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። ጎረቤትህ ጭሱን አየ እንጂ አልለካም።

የጻፍከው ምልክት ራሱ ብዙ ይናገራል። ነጭ ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ወይም ደግሞ የውሃ እንፋሎት። ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነና ራዲያተሩ ውሃ የማይጎድለው ከሆነ፣ በአብዛኛው ናፍጣው በቂ ሙቀት አላገኘም ማለት ነው። ሲሞቅም የማይጠፋ፣ ውሃውም እየጎደለ የሚሄድ ከሆነ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማተሚያውን፣ ተጠራጠር። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የናፍጣ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። ያንተው የመጀመሪያው ይመስላል። የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ላይ ካንዴላው (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ያልሠራ የናፍጣ ሞተር ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ነገር ግን ካንዴላውን ከመፈተሽህ በፊት አንድ ነገር እለምንሃለሁ። መኪናዋን ሁለተኛ አታስነሳት።

ምክንያቱ የታይሚንግ ቺንጋው ነው። ይህ ሞተር ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞርለት ጎማ ቺንጋ ነው፤ ሰንሰለት አይደለም። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። አባትህ መቼ እንደቀየረው ታውቃለህ? ካላወቅህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። አራት ዓመት የቆመ ጎማ ደግሞ ኪሎ ሜትር ሳይቆጥርም ይደርቃል። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤትህ ትክክል ይሆናል። ቺንጋውን ከነመወጠሪያው ኩሽኔታ ቀይር። ኩሽኔታውን ትቶ ቺንጋ ብቻ መቀየር ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው። ቺንጋውን ከመፍታትህ በፊት ጥርሶቹ ላይ ያሉትን የመገጣጠሚያ ምልክቶች በነጭ ቀለም አጉላቸው፤ በስልክህም ፎቶ አንሳ። ከገጠምክ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጅህ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ምልክቶቹ ተመልሰው ከተገጣጠሙና የሚይዝ ነገር ካልገጠመህ ጥሩ ነው። የሚይዝ ከሆነ በጉልበት አትግፋው፤ ፈትተህ ድገመው። ይህን የመጀመሪያ ጊዜ ስትሠራ አንድ መካኒክ አጠገብህ ቢቆም ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ። አራት ናቸው፤ በላያቸው አንድ ቅጥልጥል ብረት ኤሌክትሪክ ያካፍላቸዋል። ብረቱን ፍታው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በትንሽ አምፖል በኩል ሽቦ አምጥተህ የእያንዳንዱን ካንዴላ ጫፍ ንካ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው አልተበጠሰም። ካልበራ ሞቷል። ሁለቱ ሞተው ሁለቱ ብቻ ቢሠሩ ልክ የጻፍከው ዓይነት አነሳስ ነው የምታየው። አራቱም ደህና ከሆኑ ደግሞ ቁልፍ ስትከፍት ኤሌክትሪክ እየደረሳቸው መሆኑን በመልቲሜትር እይ፤ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) ሊሆን ይችላል። ስትገዛ የቮልቱን ነገር ተጠንቀቅ። ለቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የ6 ቮልትም የ12 ቮልትም ካንዴላ አለ፤ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የ6ቱን በ12 ሥርዓት ላይ ብትገጥመው ወዲያው ይቃጠላል። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጽሑፉን አመሳክር።

ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለካ። የናፍጣ መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልግና ግቢህ መጥተው ይለኩልህ፤ የቤንዚን መለኪያ አይችለውም። የፋብሪካው መመሪያ ዝቅተኛውን በካሬ ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎ፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ከ5 ኪሎ ያልበለጠ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ስስ ነው። ሞተሩም ያንኑ ስስ አየር ነው የሚጨምቀው፤ ስለዚህ ደህና ሞተር ራሱ እናንተ ጋ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እይ። አራቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተርህ ገና ይሠራል። ሦስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ እዚያ ሲሊንደር ላይ ችግር አለ። ያኔ ጻፍልኝ፤ ቁጥሮቹን ላክልኝና አብረን እናያለን።

ሌላም መፈተሻ አለ፤ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። በናፍጣ ማጣሪያው አናት ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፓምፕ አለ። ጠዋት ቁልፍ ከመንካትህ በፊት እሱን እስኪጠነክር ድረስ ጫነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቶሎ ከተነሳ፣ ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው፤ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል ማለት ነው። የደረቀ ጎማ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ ፈልግ።

ናፍጣውን ካነሳን፣ በታንኩ ያለውን የአራት ዓመት ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አውጣው። ከስር ያለውን ቡሎን ፈትተህ ንጹህ ጀሪካን ውስጥ አውርደው። መጀመሪያ የሚወርደውን በብርጭቆ ቅዳና ለግማሽ ሰዓት አስቀምጠው። ከስር ውሃና ጥቁር ዝቃጭ ሲለይ ታየዋለህ። ያ ውሃ ፓምፑ ውስጥ ቢገባ የምታጣው ከሞተሩ ሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ነው።

አሁን ፍሬን። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

ኮምቦልቻ እያለሁ፣ ወጣት መካኒክ ሆኜ፣ ከደሴ አንድ ፒክአፕ እንዳመጣ ተላክሁ። መኪናው እዚያው ከተማ አንድ ጋራዥ ፍሬኑ ተሠርቶለት ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለቴ ረገጥኩት፤ ጠንካራ ነው። በቃኝ ብዬ ወጣሁ። ሐረጎን መውረድ ስጀምር የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ያዘ። ሁለተኛው ላይ ለሰለሰ። ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ። ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ እያወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳብኩ፣ በመጨረሻ ግራውን ጎን ከገደሉ በተቃራኒ ያለው አፈር ላይ አስደግፌ አቆምኩት። አብሮኝ የነበረው ልጅ ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም። ኋላ ስፈታው ፍሬን ዘይቱ ውስጥ የሞተር ዘይት ተጨምሮበታል። የሞተር ዘይት የፍሬንን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ያብጥና ይበጣጠሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ በማንም ሰው ቃል የፍሬን ሥራ ተቀብዬ አላውቅም።

ያንተ መኪና መንገዷ ጣርማ በር ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ቢነሳም፣ የፍሬኑ ሥራ ሳይጠናቀቅ ከግቢ አትውጣ።

ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ የሚወርድ ፔዳል፣ ውጭ የሚፈስ ነገር ከሌለ፣ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል ማለት ነው። መጀመሪያ የአራቱን ጎማ ውስጠኛ ጎን እይ፤ እርጥብ ካለ እዚያ ነው። ደረቅ ከሆነ ማስተሩን አውርደው። ፒስተኑን ካወጣህ በኋላ ውስጡን በንጹህ ጨርቅ ጥረግና በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎማ ብቻ መቀየር አይረዳህም፤ ሙሉ ማስተር ግዛ። ለስላሳ ከሆነ የጎማው ስብስብ ይበቃል። የኋላዎቹን ከበሮዎች ክፈት። አራት ዓመት የቆመ መኪና የኋላ ሲሊንደሮቹ ይጣበቃሉ፤ አንዱ ቢሠራ ሌላው ዝም ይላል። መተጣጠፊያው ላይ ያሉትን ጎማ ቱቦዎች አጠፍ አድርገህ እያቸው። ስንጥቅ ካለባቸው ቀይር።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የድሮውን እስከ መጨረሻው አስወጥተህ በአዲስ ዶት 3 ሙላው። አየሩን ስታስወጣ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምር። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ከኋላው ዲፈረንሻል በላይ ሻንሲው ላይ፣ በዘንግ ከአክሱ ጋር የተያያዘ ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛ ለኋላ ፍሬን ግፊት የሚጨምር፣ ባዶ ሲሆን የሚቀንስ ነው። እሱም የራሱ አየር ማስወጫ አለው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዘንጉን በሽቦ ያሠሩ መኪኖችም ብዙ አይቻለሁ። ያንተ ታስሮ ከሆነ ፍታውና መልሰህ አስተካክለው። ገብስ ስትጭን ትፈልገዋለህ።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። እኛ ሀገር ሞተር ትንሽ ሲሞቅ መጀመሪያ የሚወረወረው ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) ነው። ምናልባት ያንተም ተወርውሯል። የቴርሞስታቱን መያዣ ሁለት ብሎን ፍታና እይ። ከሌለ ግዛና መልሰው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ሳይበርድ የሚመለስበትን አጭር መንገድም አብሮ ይዘጋል። ካወጣኸው ያ መንገድ እንደተከፈተ ይቀራል። ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ውጤቱ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ አይሞቅም፤ ናፍጣ ይበላል፣ ያጨሳል። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ሙቀት ውስጥ ጭነት ይዘህ ዳገቱን ስትወጣ ደግሞ ይፈላል።

ስለ መፍላት ካነሳሁ፣ እናንተ ከተማ ውሃ በክፍት ድስት 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጤነኛ ክዳን የሚይዘው ግፊት መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሳታወላውል ቀይረው። ቴርሞስታት ስትፈትሽም ይህን አስብ። 82 ዲግሪ የሚለው መከፈት የሚጀምርበት ነው፤ ሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። እናንተ ጋ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 95 አይደርስም። ግማሽ ተከፍቶ ብታየው ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው።

የወንዝ ውሃ አትጨምር። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል እኩል አድርግ። ለውርጩም ለዝገቱም ነው።

አሁን ዝገቱ። ወለሉ ላይ ያየኸው ቀዳዳ አያስፈራኝም፤ ላሜራ ነው፣ ይቆረጣል ይበየዳል። የሚያስፈራኝ ሻንሲው፣ መኪናዋን ሁሉ የሚሸከመው ዋናው ብረት፣ ነው። ሞተሩን ከመንካትህም በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ለሻንሲው ስጥ። ክሪኩ ላይ ብቻ ተማምነህ ከስር አትግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርግ። ጭቃውን አጥበህ አድርቀው። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳህ ሂድ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ደግሞ ድፍን፣ የሞተ ድምፅ አለው። ጆሮህ በአሥር ደቂቃ ይለምደዋል። የተጠራጠርክበትን በአሮጌ ካቻቢቴ ውጋው። በተለይ የኋላው ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትን ቦታና ጭቃ የሚተኛበትን የሻንሲውን ውስጥ አጥብቀህ እይ። እዚያ ካቻቢቴው ከገባ የራስህ ሥራ አይደለም፤ ሻንሲ የሚሠራ ጥሩ በያጅ ፈልግ። ቀሪው ሥራ እሱን ይጠብቅ።

ወለሉን ስትሠራ ዝገቱን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቁረጥ። በዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው፤ በአንድ ክረምት ይነሳል። ከመበየድህ በፊት የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ አውርድ፣ ምንጣፉንና ወንበሩን አውጣ፣ የናፍጣ ቱቦው የት እንደሚያልፍ እይ፣ እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ ውሃ አጠገብህ አድርግ። በአንድ ጊዜ አትበይደው። እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ እያልክ ሂድ፤ አለዚያ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። ሲያልቅ ከላይም ከስርም አንቲረስት ቀባው። ከስር ያለውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ውሃው ግን የሚመጣው ከስር ነው።

ፊት ለፊት በቀኝ ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። እዚያ ቦታ ግራይንደር እንዳታስጠጋ። በእጅ ጥረገው፣ ስስ ቀለም ብቻ ቀባው። ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ ያ ቁጥር መነበብና ከሊብሬው ጋር መመሳሰል አለበት። ሞተር ለመቀየር ወይም የመኪናዋን ቀለም ለመለወጥ ካሰብክም፣ ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ አሠራሩን ጠይቅ።

ዕቃ ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ መውረድህ አይቀርም። የሞተሩን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ፣ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዘህ ሂድ። «ኦርጅናል ነው» የሚልህን ሰው ቃል ሳይሆን ዕቃውን ከዕቃው አጠገብ አድርገህ እይ። ክብደቱን፣ የጥርሱን ብዛት፣ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ተመልከት። ለፍሬንና ለታይሚንግ ቺንጋ ርካሹን አትምረጥ። ለበር እጀታ፣ ለመስታወት፣ ለመብራት ሽፋን ያገለገለም ሆነ ቅጂ ቢሆን ግድ የለም።

ቀለሙ የመጨረሻው ነው። የአባትህን ቀለም ጠብቀው፤ ከኮፈኑ ውስጠኛ በኩል ፀሐይ ያልነካውን ቦታ ለቀማሚው አሳየው።

ጥያቄ

«ሻርጃ ነው የምኖረው። ወንድሜ ባሕር ዳር ያለው ሃይሉክሱ ቴስታታው ተሰንጥቋል። እዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ስላለ ገዝተሽ ላኪልኝ ይለኛል። ምን ማየት አለብኝ?»

መልስ

እህቴ፣ ደክመሽ ባገኘሽው ገንዘብ የምትገዢው ዕቃ ስለሆነ በግልጽ ልንገርሽ። መጀመሪያ ወንድምሽ ብሎኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ ይላክልሽ። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የተለያዩ ናቸው። ሻጩ «አንድ ነው» ቢልሽ አትቀበዪው። ሁለተኛ፣ ቴስታታውን ከማስጫንሽ በፊት እዚያው ግፊት አስፈትሺው። እነዚህ ቴስታታዎች ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቁት በቫልቮቹ መካከል ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ። ሻጩ ለማስፈተሽ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደተላጨ ጠይቂ። ብዙ የተላጨ ቴስታታ ቫልቩን ወደ ፒስተኑ ያቀርበዋል። ለወንድምሽም ንገሪው፤ ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው። ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ አስለክቶ ነው መምረጥ ያለበት።

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያው ለምን እንደተሰነጠቀ ሳያውቅ አዲሱን እንዳይገጥም። የተዘጋ ራዲያተር፣ የሞተ ክዳን፣ የተወረወረ ቴርሞስታት ካለ፣ የላክሽለትም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ራዲያተሩን አስጠርጎ ፎቶውን ሲልክልሽ ያኔ ግዢለት።

ጥያቄ

«ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከሐዋሳ። የድሮ ሃይሉክሴ፣ የፊት አክሱ ወጥ የሆነው፣ 60 ላይ ስደርስ ጉድጓድ ከመታሁ መሪው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። እስካቆም አይተወኝም። መካኒኩ የመሪውን ሾክ አብዞርበር ቀይሮልኝ ለሁለት ሳምንት ተሻለኝ፤ አሁን ተመልሷል።»

መልስ

ጌታዬ፣ ሾኩ ንቅጥቃጡን ሸፈነልዎ እንጂ አልፈወሰውም። ስለዚህ ነው የተመለሰው። የፊቱን አንድ ጎማ በክሪክ ከመሬት ያንሱና ይደግፉት። ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ጨዋታ ካለው ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎና ይድገሙት። ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ማጥበቅ ወይም መቀየር። ፍሬን ተረግጦም ካለ ግን ጎማው የሚታጠፍበት ኩሽኔታ ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። አክሱ ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ኳስ ይመልከቱ። ቅባቱ ቀጥኖ ወደ ጎማው ከፈሰሰ ውስጠኛው ማተሚያ ተቀዷል፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት ቅባቱን እያጠበው ነው። ከዚያ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቅንቁ። እዚህ የሚታይ ጨዋታ የመሪው መገናኛዎች ነው።

ኩሽኔታዎቹን ሲያስቀይሩ ማተሚያውንም አብረው ያስቀይሩ፤ በሁለቱም ጎን። ባላንስና አላይመንት የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ሻሸመኔ መንገድ ሲወጡ ከ50 አይለፉ።